በትርንጎ ቤት ስምንተኛው ቀን

«ተረት ተረት።»

«ይምጣ በረከት።»

በድሮ ዘመን፣ ክርስቲያኑና እስላሙ ከአንድ ምንጭ በሚቀዳበት መንደር፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጓንጉል ይባላል። ሁለት ወንድ ልጆች ወለደችና ሁለቱም በተገረዙ ማግሥት ሞቱ። ደማቸው አልቆም ብሎ። አመድ ተነሰነሰ፣ ቅጠል ታሰረ፣ ጸበል ተረጨ። ደሙ ግን ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

ሰውም ገራዡን ወቀሰ። «እጁ ከፍቶ ነው» ተባለ። ለሁለተኛው ልጅ ሌላ ገራዥ መጣና ያው ሆነ። ከዚያም ሦስተኛው ተወለደ። ጓንጉል በዚህ ጊዜ ተራራ ተሻግሮ እጃቸው የተመሰገነውን ሸህ ሙሄን ለመነና መጡ።

መቼም ግርዛት በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይህን ያዙልኝ። ክርስቲያኑ የአብርሃምን ሥርዓት ይዞ በስምንተኛው ቀን ይገርዛል። ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ። እስላሙ ብዙውን ጊዜ ልጁ ትንሽ ከፍ እስኪል ይጠብቃል። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ደግሞ ጎረምሳው በዘፈን የሚገረዝበት አገር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ይባላል፣ ሚስት ያገባል። በእነ ትርንጎ መንደር ግን ያልተገረዘ «ቆላፍ» ነው። ቆላፍ ማዕድ አይቀርብም። ሴት ልጁንም የሚድርለት የለም።

ስምንተኛው ቀን ነጋ። ዘመድ በደጅ ተሰበሰበ። ሸህ ሙሄ በውስጥ ምላጩን በእሳት አሳልፈው ተቀመጡ። የመንደሩ ቄስ አባ አስረስም አጠገባቸው ነበሩ። የቆዩ ወዳጆች ናቸውና ቄሱ፦ «ዛሬ እንኳ ለእኛ ቀን ተገዛህ» አሏቸው። ሸሁም፦ «ምን ላድርግ፣ እናንተ ችኩሎች ናችሁ» አሉ። ሰው ሳቀ።

ትርንጎ አልሳቀችም። የምታውቀው ነገር ነበራት። የእናቷ ወንድሞች እንዲሁ ደማቸው ፈስሶ ሞተዋል። የገዛ ወንድሟም። ስትዳር እናቷ «ዝም በይ፣ ዘሯ የተበላሸ ነው ብለው ወደ እኔ ይመልሱሻል» ብላ አስምላት ነበር። ዝም አለችና ሁለት ቀበረች።

አማቷ ይታይሽ ሕፃኑን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ትርንጎ አልሰጠችም። እንዲህም አለች፦ «የገራዦቹ እጅ ምንም የለበትም። ነገሩ በእኔ ወገን ነው። ወንድሜም፣ አጎቶቼም እንዲሁ ሞቱ። ብታባርሩኝ ይዤው እሄዳለሁ።»

ይታይሽ «ሁለቱን አስበልተሽ ዛሬ ተናገርሽ፣ እኔ ከቤቴ ቆላፍ አላሳድግም» እያለች ደረቷን ደቃች። ሸህ ሙሄ ምላጩን በጨርቅ ጠቀለሉና፦ «በእኛ ዘንድ ነፍስ ይቀድማል» አሉ።

አሁን የቄሱ ቃል ቀረ። አባ አስረስ ሥርዓት ወዳድ ነበሩና መስቀላቸውን መላልሰው አገላበጡ። በመጨረሻም፦ «እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ፣ በበረሃ የተወለዱት ልጆች በመንገድ አልተገረዙም ነበር። መናው ግን አልተከለከላቸውም። እኔ አጠምቀዋለሁ» አሉ።

ሁሉም ጓንጉልን አየ። የሞቱትን ልጆች ያስገረዘ እሱ ነበር፤ ሁለቱንም በገዛ ጭኑ ላይ ይዞ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ትመልሰኛለህ ብዬ።»

«ያን ጊዜ እመልስሽ ነበር» አለ።

ከዚያም ወደ ደጅ ወጣ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ተነሡ። እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸውና፦ «ልጄ አልተገረዘም፤ አይገረዝምም። ከእኛ ጋር የሚበላ ይግባ» አለ።

አንዳንዱ በትሩን አንሥቶ ሄደ። አንዳንዱም ጎንበስ ብሎ ገባ። በውስጥ ይታይሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስ ነበር። ትርንጎ ግን ከወለደች ወዲህ ዓይኗን ከድና አታውቅምና፣ ልጁ ጡቷን እንደያዘ፣ ሰው ሁሉ እያያት እንቅልፍ ወሰዳት።

ተረቴን ለልጅ አውርሱ፣ ለእኔም ዳቦ ቁረሱ።