የህንዱ መደብ

አንድ ቅዳሜ፣ ሁዳዴ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው፣ ባላምባራስ ጓንጉል ለፋሲካ ቅርጫ ሰው ማሰባሰብ ጀመሩ። ባላምባራስ ደሴ ከተማ ውስጥ ሰፊ ግቢ ያላቸው ሰው ናቸው፤ በግቢው ዙሪያ በተርታ የተሠሩትን ቤቶች አከራይተው ይኖራሉ። ግቢው የእሳቸው ስለሆነ በግቢው ውስጥ የመጨረሻው ቃልም የእሳቸው ነው። ስለ ዝናብ ቢነሣ ያውቃሉ፣ ስለ ጉበት በሽታ ቢነሣ ያውቃሉ፣ ስለ ጃፓን ቢነሣም ያውቃሉ። ተከራይ ደግሞ፣ መቼም ጣራው የሰው ነው፣ «እውነት ነው ጌታዬ» ይላል።

የዚያን ዓመት ጾሙ ሲገባ አንዱን ቤት የተከራየው ሚስተር ኩሪያን የሚባል የህንድ አገር ሰው ነበር። ፊዚክስ አስተማሪ ነው። ጎንደር ብዙ ዓመት ካስተማረ በኋላ ወደ ደሴ ተዛውሮ፣ ባለቤቱን አናማን፣ ሴት ልጁን ሱሳማንና ገና ድክ ድክ የሚል ወንድሟን ይዞ መጣ። አማርኛውን የለመደው ከጎንደር ተማሪዎች ጋር ሲሟገት ስለሆነ የሚያስቅ አልነበረም፤ ብቻ ቶሎ አይናገርም፤ ቃል መርጦ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን በርጩማ ላይ ያስቀምጥና ፀሐዩ ላይ ጭንቅላታቸውን በኮኮናት ዘይት ያሻል። ዘይቱን የሚያመጡለት ከአሰብ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። ሱሳማ «ዓይኔ ገባ» ብላ ስትጮህ፣ ትንሹ በግማሽ ተቀብቶ ሲያመልጥና አባት በባዶ እግሩ ሲያሳድደው፣ አናማ ከጓዳ ሆና ሦስቱንም ስትቆጣ፣ ሰውዬው ደሞዝ የተጨመረለት ይመስል ፊቱ ይበራል። ጎረቤቱም ከየደጁ ሆኖ እያየ ይስቃል። በክፋት አይደለም፤ አባት እንዲህ ሲሆን አይቶ ስለማያውቅ ነው።

ባላምባራስ ግን የህንድን ነገር ከማንም በላይ ያውቃሉ። በወጣትነታቸው ጨው ሊጭኑ አሰብ ወርደው ከአንድ ህንዳዊ የጨርቅ ነጋዴ ጎረቤት ለጥቂት ቀን ሰንብተው ነበር። ነጋዴው ሥጋ አይቀምስም፤ ላም ስታልፍ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ህንድ አገር የቀራቸው ነገር የለም። ኩሪያን ግቢው ውስጥ ከገባ ጀምሮ ደግሞ ከቤቱ የአጥንት ስባሪ ሲወጣ አላዩም፤ ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ጎመን ነው። «ይኸው፣ አላልኳችሁም?» አሉ። ወቅቱ ሁዳዴ መሆኑ ትዝ አላላቸውም። እሳቸው «ለጨጓራዬ ወተት ሐኪም አዝዞልኛል» ብለው ጾሙን ከተዉ ቆይተዋል፤ ሐኪሙን ያየው ሰው ግን የለም። ራሱ የማይጾም ሰው የሌላውም ጾም አይታየውም።

ኩሪያን የነጋዴው ዓይነት ህንድ አልነበረም። እሱ በተወለደበት አውራጃ ከቅድመ አያቶቹም በፊት የነበሩት ሁሉ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ጾሙን እንደኛው ሥጋም ወተትም ሳይነኩ ይጾሙታል፣ ሲፈታም በሬ ያርዳሉ። ደሴ እንደገባም ቤተ ክርስቲያኑን ፈልጎ አገኘ። እሑድ ገና ሳይነጋጋ ከነቤተሰቡ ነጭ ለብሶ ከግቢው ይወጣል። ያን ጊዜ ባላምባራስ ተኝተው ነው።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ልጆቹን ዘይት ሲቀባ ባላምባራስ መጥተው ከፊቱ ቆሙ።

«ሚስተር፣ ለፋሲካ በሬ ልንጥል ነው። አንድ ሰው ጎድሎናል። ትገባለህ?»

ኩሪያን ደስ አለው። አንገቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዘ። በአገሩ ይህ «ታዲያስ፣ ምን ጥያቄ አለው» ማለት ነው። ባላምባራስ ሐዘን መሰላቸው።

«አይዞህ፣ ይገባኛል። ለናንተ ከባድ ነው» አሉት።

«ኧረ ባላምባራስ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። አሰብ ላይ ሁሉንም አይቻለሁ። አንተ መዋጮህን ብቻ አውጣ፤ የቀረውን ለኔ ተወው።»

«በኛ ቤት እኮ ፋሲካ ሲመጣ...»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

ኩሪያን መዋጮውን አወጣ። ባላምባራስ ይዘው ሄዱና ቅርጫው ውስጥ ለገቡት ተከራዮች ግቢው መሐል ቆመው አበሠሩ። «ህንዱ ለአምላኩ ቀብር መዋጮ አዋጣ። ሥጋውን መቼም በዓይኑም አያየው። የሱ መደብ ወደኔ ነው» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ገሚሱ እውነትም ስላሳቀው፣ ገሚሱ ደግሞ የግቢው ባለቤት ሲስቅ ተከራይ ዝም ማለት ስለማይችል ነው። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሱሳማ ውኃ ልትቀዳ ወደ ቧንቧው ስታልፍ ግን ባላምባራስ አዩአት።

«አንቺ የላም ልጅ፣ ነይ እስቲ» አሉአት። «የፊታችን ቅዳሜ አያትሽን ልናርደው ነው። አታለቅሺለትም?»

ሰዉ ዳግመኛ ሳቀ፤ ልጅቱ ባልዲዋን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። ቤት እስክትገባ ድረስ ቻለች፤ ከገባች በኋላ ግን እንባዋ ወረደ። ያን ጾም ማንም ሳያስገድዳት ወተት እንኳን ሳትቀምስ ነው የጾመችው። አናማ ሁልጊዜ ለፋሲካ የበሬ ሥጋ ከኮኮናት ቁራጭ ጋር እስኪጠቁር ድረስ ትጠብሳለች፤ ሱሳማ የዚያን ሽታ እያሰበች ነበር ስንት ሳምንት ምስር የበላችው። አሁን ግን የሥጋው ነገር አልነበረም የሚያስለቅሳት።

«አባ፣ ሁሉም ሳቁብኝ» አለችው።

አናማ ማማሰያዋን ጣለች። «አሁኑኑ ሄደህ ንገራቸው» አለች ባሏን።

«ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሞከርኩ» አለ ኩሪያን። «ሁለቱንም ጊዜ አወቁ።»

በዚህ መሐል ጎረቤታቸው እትዬ የሺመቤት የተላጠ ሽንኩርት እንደያዙ ብቅ አሉ። የግቢውን ሳቅ ሰምተው ኅሊናቸው አላስቀምጥ ብሏቸው ነው። «እኔ መጾማችሁን አውቃለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከአናማ ጋር ጎመን ስንለቅም አይደል የከረምነው? ግን ለሳቸው ማን ይናገራል? ያወቁት ነገር ላይ ከተናገሯቸው በሚቀጥለው ወር ጣራህን ፈልግ ነው የሚሉት።»

«እንግዲያው ሥጋውም ሄደ፣ ልጅቱም የላም ልጅ ሆና ቀረች» አለች አናማ።

ኩሪያን ሱሳማን ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት። ተናዶ ነበር፤ ንዴቱን ግን በልጅ ፊት ማሳየት አይወድም። «ሥጋው ቢሄድ ግድ የለኝም» አለ። «ልጄ ግን በዚህ ግቢ አንገቷን ደፍታ አትሄድም። ቅዳሜ አብረሽኝ ትመጫለሽ።»

በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬው ከግቢው ጀርባ ተጣለ። ቢላዋ የሚያውቀው ተከራይ አቶ አረጋ ነው፤ ሥጋውን ሰፋፊ ቅጠል ላይ መደብ መደብ አድርጎ ከፈለው። ከሽንጡም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለሁሉም መደብ እኩል አዳረሰ። የሰፈሩ ቄስ መምሬ እንግዳም ቅርጫው ውስጥ ነበሩበት። አክፍሎት ላይ ስለሆኑ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ጥግ ይዘው በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል።

ለዕጣው ሁሉም የየራሱን ምልክት ሰጠ፤ አንዱ ቁራጭ እንጨት፣ አንዱ አዝራር፣ አንዱ ጠጠር። ባላምባራስ ግን ሁለት ምልክት ሰጡ፤ አንዱ የራሳቸው፣ አንዱ የህንዱ። ዕጣው ሲጣል የህንዱ ምልክት ደህና ሽንጥ ያለው መደብ ላይ አረፈ። ባላምባራስ ከራሳቸው ይልቅ ለህንዱ ዕጣ ደስ አላቸው። ለሰው እንዲህ ደስ ሲላቸው ታይቶ አይታወቅም።

ወዲያው ኩሪያን ሳፋ ይዞ መጣ። ሱሳማ እጅጌውን ይዛዋለች።

«ሚስተር፣ ምን አመጣህ?» አሉት ባላምባራስ። «ደም አትይ፣ ልጅቱንም መልሳት። ያንተ ነገር በኔ በኩል አልቋል።»

«ድርሻዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ ኩሪያን።

«ምን ልታደርገው? ልትቀብረው?»

«ልንበላው።»

ባላምባራስ ወደ ሰዉ ዘወር አሉ። «ሰማችሁት? ሰው የደሴን አየር ሲስብ ሃይማኖቱንም ይረሳል» አሉና ወደ ኩሪያን ተመለሱ። «እኔ ለነፍስህ ብዬ ነው፣ ወንድሜ። ነገ አገርህ ስትገባ ካህናቶችህ ምን ይሉሃል? እኔ የሰው ሃይማኖት አከብራለሁ።»

እትዬ የሺመቤት አላስችል አላቸው። «ጌታዬ፣ ሰውዬው እበላለሁ ካለ...»

«የሺመቤት፣ አንቺ ህንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ይኸው ቆሞ የለም እንዴ?»

«ይሄን አይደለም የምልሽ። እውነተኛውን ህንድ ነው።»

እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አቶ አረጋ ቢላዋውን እየጠራረገ ወደ መሬት አቀረቀረ። ሰው ሁሉ ሳቁ እንዳያመልጠው እየታገለ ነበር። በማን ላይ እንደሚስቅ ግን ገና አልወሰነም። ባላምባራስ ይህ አልጣማቸውም። ነገሩን በሰው ፊት አንድ ጊዜ መቁረጥ ፈለጉ።

«እሺ» አሉ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። እዚህ ሁሉም ይፍረደን። መልስ ካለህ መደብህን አንሥተህ ሂድ፤ ከሌለህ ግን ልጅህን ይዘህ ወደ ቤትህ። ሰው አምላኩን እንዴት አድርጎ ነው የሚበላው?»

ኩሪያንን ጠይቀው መልስ ሲጠብቁ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ኩሪያንም ይህን ነበር የሚፈልገው። ሱሳማ ቀና ብላ የአባቷን አፍ አፍ ታያለች። እሱ እንደ ልማዱ አልቸኮለም፤ ሳፋውን መሬት አስቀመጠና እጅ ነሣ።

«ባላምባራስ፣ ይህን የሚጠይቅ ቆርቦ የማያውቅ ሰው ነው» አለ። «አምላካችንንማ ዛሬ ሌሊት፣ እኔም ባለቤቴም ልጆቼም፣ ከቅዳሴው ላይ እንበላዋለን። ይሄ ግን በሬ ነው፤ ድርሻዬን ይስጡኝ።»

ባላምባራስ ከዘራቸውን ነቅለው ወደ ቄሱ ዞሩ።

«መምሬ፣ ይሄ ሰው ምን ይላል? እርስዎ ያውቁታል?»

«እሱንማ ከነልጆቹ በየእሑዱ አቆርበዋለሁ» አሉ መምሬ እንግዳ፣ ከመቋሚያቸው ቀና ሳይሉ። «እዚያ ገና ያላገኘሁዎት እርስዎን ነው።»

አቶ አረጋ ማንንም ሳይጠይቅ መደቡን ከነቅጠሉ አንሥቶ ሳፋው ውስጥ አደረገው፤ ሱሳማም ሳፋውን ባንድ በኩል ይዛ ከአባቷ ጋር ስታልፍ ባላምባራስ መንገድ ለቀቁላት።