ምላጭ የምታልፍበት ክፍተት

አንድ ወተት አመላላሽ ነበረ። ጥያቄህን አልዘለልኩትም፣ ሽባባው። የመስኖ ውሃችንን የሚያከፋፍል የውሃ አባት ሆነህ በተመረጥክ ማግስት መጥተህ፣ በጉባኤው ሁሌ የሚያጉረመርመውን ያን የቦይ ጫፍ ሰውዬ ከመቀመጫው ላስነሳው ወይ ብለኸኛል። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ የወተት አመላላሹን ስማኝ።

ሰውየው አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነበረችው። ገና ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ሴቶቹ ያለቡትን ወተት ከየደጁ ይሰበስባል፤ ሁለቱን ጣሳ ግራና ቀኝ ያስራል፤ ዳገቱን ወጥቶ ፀሐይ ሳትበረታ ከተማ ያደርሳል። ሞተሯ ብታረጅም ዳገቱን ትወጣለት ነበር። አንድ አመል ብቻ ነበረባት፤ አናቷ ላይ ታንኳኳለች። ጠክ ጠክ ጠክ ትላለች፤ ስትሞቅ ቀነስ ታደርገዋለች እንጂ አትተወውም።

ሰውየው ደግሞ እረፍት የማያውቅ ሰው ነው። ቆርቆሮ ቢንኳኳ ተነስቶ ካልመታው አይተኛም። ሲነዳ ጆሮው ያ ጠክ ጠክ ላይ ነው። በሰፈር ሲያልፍ ሰው የሚስቅበት ይመስለዋል። ማንም አልሳቀበትም።

አንድ እሁድ ካቻቢቴና ቁልፍ ይዞ የሞተሯን አናት ከፈተ። እዚያ ውስጥ ጭሱ የሚወጣባት ትንሽ በር አለች፤ ቫልቭ ይሏታል። ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። እሷንና የሚገፋትን ብረት የምትለይ አንዲት ቀጭን ክፍተት አለች፤ የሚንኳኳውም ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ሰውየው ክፍተቷን ሲያይ ጥፋቷን ያገኘ መሰለው። ክፍተቷን የምታጠብ ብሎኗን አጠበቀና አስነሳት። አሁንም ጠክ አለች። አጥፍቶ ደግሞ አጠበቀ። ዝም አለች።

ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ። በማግስቱ ከከተማ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ሚስቱ ምሳውን አላቀረበችም ነበር። መምጣትህን አልሰማሁም አለችው። ለካ በዚያ ድምፅ ነበር የምትሰናዳው። እሱ ይህንን ነገሬም አላለው።

ጥቂት ሰነበተና ዳገቱ ከበደው። በሁለተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረውን በአንደኛ እያቃሰተ መውጣት ጀመረ። ማስነሻውን ሲረግጠው እንደ ድሮው እግሩን አይገፋውም፤ ጭቃ የረገጠ ያህል ሰርጎ ይሄዳል። አንድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሊያሳርፋት ቆመ። ከእግሩ ሥር የቀላ ነገር አየ። የጭስ ማውጫው ቱቦ ፍም መስሏል።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልሆነለትም። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ቀየረ። ቤንዚኑን ከአየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራተር ፈቶ አጠበ። ቤንዚን ሻጩን ውሃ ቀላቅለህብኛል ብሎ ተጣላው። በመጨረሻ ጆንያ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቱቦው ላይ ጠመጠመው። ጆንያው ጨሰ፣ ደረቀ፣ ተቃጠለ። በቱቦው በኩል የታሰረው ጣሳ ሙቀቱን ጠጣና ወተቱ ከተማ ሲደርስ ረግቶ ተገኘ። ገዢዎቹ አንቀበልም ብለው መለሱት።

ከሴቶቹ አንዷ ጣሳውን አሸተተችና «ወተት ሰጠንህ፣ አይብ ይዘህልን መጣህ» አለችው። ሌሎቹ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ቁርጡን ነገሩት፤ አንዴ ከደገምከው ወተታችንን እዚሁ ንጠን ቅቤ እናወጣዋለን፣ ደጃችንም አትምጣ አሉት። ሰውየው ከዚያች ሥራ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም።

በነጋታው ሞተሯን እየገፋ ከተማው ዳር ዛፍ ሥር የሚሠራ መካኒክ ዘንድ ሄደ። ከመድረሱ ስለ ቤንዚኑ፣ ስለ ካንዴላው፣ ስለ ዳገቱ ያወራ ጀመር። መካኒኩ አላቋረጠውም። ካንዴላውን ፈታና በቀዳዳው ላይ አውራ ጣትህን ተጫን አለው። መካኒኩ ራሱ ማስነሻውን ረገጠ። ጤነኛ ብትሆን ጣቱን አንስታ ትወረውረው ነበር። እፍ ብቻ አለችበት። ካንዴላውን መልሶ ካሰረ በኋላ ደግሞ ጆሮህን የቱቦው ጫፍ ላይ አድርግ አለውና ማስነሻውን በእጁ ቀስ አድርጎ ተጫነ። ሰውየው ከውስጥ ሽ የሚል ድምፅ ሰማ። ውስጥ መታመቅ የነበረበት እስትንፋስ በዚያች በር እየሾለከ ነው። መካኒኩ ሞተሯን አስነስቶ እስክትግል ድምፅዋን አዳመጠና አጠፋት።

«ይቺ ሞተር ታንኳኳ አልነበር?» አለው መካኒኩ።

«ታንኳኳ ነበር።»

«ታዲያ ማን ዝም አሰኛት?»

ሰውየው ወዲያ ወዲህ አየ። የሚያሳብብበት ሰው አጣ። «እኔ ነኝ» አለ።

መካኒኩ ከኪሱ አንዲት ምላጭ አውጥቶ ሰጠው። «ብረት ሲግል ይረዝማል። የምትረዝምበት ክፍተት ካልተውክላት በሯ ገርበብ ብላ ትቀራለች። ውስጥ ሆኖ ዳገት የሚያወጣህ እሳት ሾልኮ ቱቦህን ያቀላዋል። ባጠበቅክበት እጅህ አላላት፤ ይቺ ምላጭ ገብታ እስክትወጣ። መጀመሪያ ግን ትቀዝቅዝ።»

ለሰውየው ከሁሉ የከበደው መጠበቁ ነበር። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ዛፉን ዞረ። ቀዝቅዛ እንደሆነ ብሎ ነካት፤ ጣቱን አቃጠለችው። መካኒኩ ቀና ብሎም አላየው። ከቀዘቀዘች በኋላ አናቷን ከፍቶ ብሎኗ ላይ ካቻቢቴውን ሲያሳርፍ እጁ እንቢ አለው። ያ ድምፅ ሊመለስ ነው። ቢሆንም አላላት። ምላጯ ገባች፣ ወጣች።

ማስነሻውን ሲረግጠው እግሩን መልሶ ገፋው። ጠክ ጠክ ጠክ አለች።

መካኒኩ ሲያሰናብተው፣ የበሯን ጠርዝ እሳት ልሶታል፣ እንደ ጥንቷ አትሆንልህም፣ ቶሎ መጥተህ ቢሆን ደግ ነበር አለው። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ዳገቱ አናት ላይ ሲደርስ ማርሽ መቀነስ ግድ ሆነበት። ግን ቱቦው አልቀላም፤ ወተቱም ወተት ሆኖ ደረሰ። ወደ ቤቱም ሲመለስ ምሳው ቀርቦ ጠበቀው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ሽባባው። ቦያችን ያቺ ሞተር ናት። የቦይ ጫፉ ሰውዬ ውሃ የሚደርሰው ከሁላችን በኋላ ነው፤ ሲጎድልም ከሁላችን በፊት የሚጎድልበት እሱ ነው። ስለዚህ ያንኳኳል። ሁሌ ልክ ነው አላልኩህም፤ ድምፁም ለጆሮ አይጥምም። ብታስነሳው ጉባኤው ጸጥ ይልልሃል፣ አንተም አንድ ሰሞን ደስ ይልሃል። የታመቀው ነገር ግን መውጫ አያጣም። አንድ ቀን ቦዩ ተሰብሮ፣ ሰው በሰው ላይ አካፋ አንስቶ ታገኛለህ። ያኔ ጆንያ እየነከርክ ትሮጣለህ።

ሐሙስ ስትሰበሰቡ መቀመጫውን ተውለት። ሲያጉረመርም ሰምተኸው ሥራህን ቀጥል። እሱ ዝም ያለ ቀን ግን ጉባኤውን በትነህ፣ አካፋህን ይዘህ፣ ቦዩን እስከ ጫፉ ሂድበት።