ከደጅ የተነሣው የወፍጮ ድንጋይ

አንድ ወፍጮ ሠሪ ነበረ። ትርሲት፣ በመካኒካልና በኢነርጂ ምህንድስና ተመርቀሽ «መምህር፣ እኔ የምገባበት በር የትኛው ነው?» ብለሽ ስለ ጠየቅሽኝ ነው ይህን ሰው የማነሣልሽ። እኔ ምክር ስሰጥ እቆጣለሁ፤ ስተርት ግን ትንሽ እበርዳለሁ። ስለዚህ እስክጨርስ ታገሺኝ።

ይህ ሰው ሩቅ አገር ሄዶ በውኃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ መሥራት ተምሮ ተመለሰ። ውኃ ገድቦ በቦይ ማውረድ፣ መዘውር መትከል፣ ድንጋይ መውቀር፣ ሁሉንም ያውቃል። ሌላው ሰው ወንዝ ሲያይ የሚታየው ልብስ ማጠቢያ ነው። እሱ ግን ውኃው የሚወድቅበትን ከፍታ በዓይኑ ይለካል፣ ምን ያህል ድንጋይ እንደሚያዞር ያሰላል፣ በዚያው እንቅልፍ ያጣል። ጎበዝ ነበረ ማለቴ ነው።

በዚያ አገር የነበረው የውኃ ወፍጮ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአንድ ባላባት ነው። ወፍጮው ሹም አለው። ሹሙ ካባ ይለብሳል፣ በበዓል ከባላባቱ ማዕድ ይቀርባል፣ ሰው ሲያየው ከመቀመጫው ይነሣለታል። ስለዚህ በአገሩ ሰው አሳብ ወፍጮ ተማረ ማለት የወፍጮ ሹም ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ነገር ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወፍጮ ሠሪው ራሱም አላሰበም።

ሹመት የሚፈልግ ሰው ደግሞ እንደ ወጉ እጅ መንሻ ይዞ ደጅ ይጠናል። አንዱ ሙክት ይነዳል፣ ሌላው ማር ያሸክማል። ወፍጮ ሠሪው ከሁሉ የሚበልጠውን ላቅርብ ብሎ ከጥቁር ድንጋይ አንድ ትልቅ የወፍጮ ድንጋይ ጠረበ፤ ፊቱን ወቀረ፤ መካከሉን በሳ፤ በበሬ አስጎትቶም ከባላባቱ ደጅ አደረሰው። አጋፋሪው ወጥቶ ድንጋዩን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ጥሩ ነው፤ እዚያው አስቀምጠው። ጌታዬ ሲመቻቸው ያዩታል። አንተም ቁጭ በል» አለው። እሱም ቁጭ አለ።

ደጅ መጥናት ላልቀመሰው ቀላል ይመስላል። ማለዳ ኩታ አጣፍቶ መቆም ነው፤ ባላባቱ ሲወጡ እጅ መንሣት፣ ሲገቡም እጅ መንሣት ነው። ከጎኑ ወፍጮ የተማሩ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ እዚያው ሸብተዋል። ሹሙን ሳል ሲጀምረው ሁሉም በልባቸው ደስ ይላቸዋል፤ ሲሻለው ያዝናሉ። ይህን የመሰለ ኑሮ ሰውን ያበላሻል፣ ወፍጮ ሠሪውንም አበላሸው። ወንዝ ማየት ተወ፤ ዓይኑ በሩ ላይ ብቻ ቀረ። ድንጋዩም የደጅ ጠኚዎች መቀመጫ ሆነ። ፀሐይ ሲሆን ይቀመጡበታል፣ ዝናብ ሲሆን የእግራቸውን ጭቃ ይጠርጉበታል።

ዓመት አልፎ ዓመት ተተካ። ስንቅ የምታመላልስለት ሚስቱ ነበረች። አንድ ቀን የበሶ ስልቻ ይዛ መጣችና ስታቀብለው መዳፏን አየው። መጅ የላጠው መዳፍ ነው፤ የዳነው ቁስል ላይ አዲስ ቁስል ወጥቶበታል። የወፍጮ ሠሪው ሚስት ስንቁን በክንዷ እየፈጨች ነበር የምታቀርብለት።

«ሌላ የሚፈጭልሽ ሰው የለም?» አላት።

«ማን አለ? የመንደሩ ሴት ሁሉ እንደኔው ናት። ጎረቤታችን ወገቧ ተይዞ ከተኛች ሰነበተች። የባላባቱ ወፍጮ እንደሆነ የአንድ ቀን መንገድ ነው።» በሩን አየት አደረገችና፣ «አንተዬ፣ እስቲ ልጠይቅህ። እዚህ የምትጠብቀው ወፍጮውን ነው ወይስ ካባውን?» አለችው።

ተናደደ። ብድግ ብሎ ወደ ድንጋዩ ሄደና የተቀመጡበትን ሰዎች «ተነሡልኝ» አላቸው። ሳቁበት። «ተነሡ አልኳችሁ!» ሲል ጩኸቱ እልፍኝ ድረስ ተሰማ። ሰዎቹ እየተገረሙ ተነሡ። ድንጋዩን በጎኑ አቆመውና ከሚስቱ ጋር መግፋት ጀመረ።

አጋፋሪው ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። «አንተ! የጌታዬን እጅ መንሻ ወዴት ነው የምትወስደው?»

«ጌታህ ተቀብለውታል?»

«ገና መቼ አዩትና!»

«እንግዲያው የእኔው ነው።»

«ዛሬ ከዚህ ደጅ ከሄድክ ሁለተኛ አትገባም!»

«መቼስ ገብቼ አውቃለሁ?» አለና ድንጋዩን ገፋው።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አላበቃም። መንደሩ «ሹመት ፍለጋ ሄዶ ድንጋይ እየገፋ መጣ» ብሎ ሳቀበት። መጀመሪያ የተከለውን መዘውር ደራሽ ውኃ ሰባብሮ ወሰደው። ሰውዬው ወንዙ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ፤ ከዚያ ፊቱን ታጠበና ቦዩን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆፈረ። ሁለተኛው መዘውር ዞረ። ዱቄት ሲወርድ ሚስቱ እስከ ክርኗ እጇን ነከረችበት።

ሳይውል ሳያድር ቀጥቃጩ መጣና «ይህ ውኃ ወናፌን ሊነፋልኝ ይችላል?» አለው። ከዳገት ላይ ያሉ ገበሬዎች መጥተው «ወደ ማሳችን ውኃ ማውጣት ትችላለህ?» አሉት። እነዚህ ሰዎች ድሮም ነበሩ፤ ባላባቱ ደጅ ግን መጥተው አያውቁም፣ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? ሥራው ከእጁ ሲበዛበት ወደ ደጅ ጠኚዎቹ ላከ። አንዳንዶቹ መጡ። ሌሎቹ «ሹሙን ዛሬ ሳል ጀምሮታል» ብለው ቀሩ።

ትርሲት፣ ወፍጮ ሠሪው አንቺ ነሽ። ደጁም በየሳምንቱ ሄደሽ የምትቆሚበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ ካባው ኃይል ማመንጫው ውስጥ ያለችው አንዲት ወንበር ናት። ከወጣችልሽ ውሰጃት፣ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ለዚያች ወንበር ስትይ ወንዙን ማየት አትተዪ! እዚሁ ከተማ ዳቦ ቤቱ የምድጃውን ሙቀት ግማሹን በጭስ ማውጫ ወደ ሰማይ ይልካል። ቲማቲም አምራቹ ማቀዝቀዣ አጥቶ ምርቱን ለከብት ይደፋል። ቆላ ወርደሽ ብታዪ፣ በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ፍየል ይታሰርበታል፤ የሚጠግነው የለማ! ከብት አርቢው እበት በእበት ሆኖ ሳለ ማገዶ ይገዛል፤ ባዮጋዝ የሚሠራለት ሰው አላየም። ይህ ሁሉ የተማርሽው ነው። ሰሌዳው ላይ ግን መቼም አይለጠፍም፤ የሚለጥፍልሽ አለቃ የለውም።

አስተምረው ደጅ ላይ ለበተኗችሁ ሰዎች ጥብቅና አልቆምም። ነውር ነው፤ በየስብሰባው እየተነሣሁ እናገራለሁ፣ ወደፊትም አልተውም። አንቺ ግን እኔ ተናግሬ እስካሳምናቸው አታርጂ።

አሁን «እሱ ድንጋይ ነበረው፤ እኔ ምን አለኝ?» ልትዪኝ ነው፤ ከፊትሽ ላይ አነበብኩት። ለመመረቂያ የሠራሽው የበርበሬ ማድረቂያስ? ኤ ሰጥተንሽ፣ አጨብጭበን፣ ግምጃ ቤት ወርውረነው የቀረው? ማረቆ ያሉ ገበሬዎች ዝናብ በመጣ ቁጥር በርበሬያቸው እየሻገተባቸው ነው። ንብረቱ የትምህርት ክፍሉ ነው የሚል ይመጣል፤ ይምጣ፣ የምመልስለትን አውቃለሁ። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ተነሺ፣ በአንድ በኩል አንቺ ያዢ፣ በአንድ በኩል እኔ እይዛለሁ።