አህያ ያልተናገረው አሥረኛው ነገር

አንድ ጊዜ በአንበሳ አገር የወንዙን ውሃ የሚያከፋፍሉ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ጠባቂያቸው አህያ ነበር። መብራታቸውን ያያል፤ የደከመውን አጥፍቶ ያስነሳል። በዚህ ሥራው በግቢው አጥር ውስጥ ያድራል። ከአጥሩ ውጭ ጅብ አለ።

አንድ ቀን ቀበሮ መጣች።

«ጋሼ አህያ፣ የምትሠራውን ሁሉ ንገረኝ። ኮድ እጽፍለታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱን ያስነሳል።»

«እኔስ?»

«አንተማ እፎይ ትላለህ!»

ጅብ ይህን ሰምቶ አፍንጫውን በአጥሩ ቀዳዳ አሾለከ። «አያ አህያ፣ ስትሰናበት በየትኛው በር ነው የምትወጣው? ልሸኝህ ብዬ ነው።»

«ዞር በል፣ አያ ጅቦ።»

«ዕቃህንም እሸከምልሃለሁ። ከደከመህ አንተንም።»

አህያ ለቀበሮ ዘጠኝ ነገር ነገራት፤ አሥረኛውን ዋጠው። ኮምፒውተር ሲነሳ ወንዙን የሚይዘው ግድብ በሮች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ስለዚህ ከግድቡ በታች ባለው የወንዙ መሻገሪያ ላይ ያሉት እንስሳት እንዲሸሹ አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ያናፋ ነበር። ይህ የትም አልተጻፈም። «ይህች እኔ ጋ ከቀረች አያባርሩኝም» ብሎ አሰበ።

ኮዱ ሥራ ጀመረ። ስድስት ቀን ሁሉም አደነቀ። በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሚዳቋ ከግልገሏ ጋር ወንዙን ስትሻገር አንድ ኮምፒውተር ደከመ። ኮዱ በቅጽበት አጥፍቶ አስነሳው። አህያ ገለባ እያላመጠ ነበር። የውሃውን ድምፅ ሲሰማ ሮጠ፤ አናፋ። ዘግይቷል። ጎርፉ የሚዳቋን ግልገል ከድንጋይ ጋር አላትሞ እግሯን ሰበረ።

አንበሳ ሁሉንም ሰበሰበ። ቀበሮ ኮዷን መስመር በመስመር አነበበች። «የተነገረኝን ነው የጻፍኩት፣ ጌታዬ።»

ሚዳቋ ወደ አህያ ዞረች። «ሁልጊዜ ታናፋልን ነበር። ዛሬ ምነው?»

«ኮዱን ጠይቂው» ማለት ይችል ነበር።

ግን «ደብቄ ነው» አለ። «ከአጥሩ ውጭ እንዳልጣል ፈርቼ።»

«በሩን ክፈቱለታ!» አለ ጅብ ከማዶ። ማንም አልሳቀም።

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ቀበሮ፣ አንድ ቀን እንኳ አብረሽው ውለሻል?»

«አልዋልኩም።»

«እኔም ነገህ ምን እንደሚሆን አልነገርኩህም፣ አህያ። ትቆያለህ። ኮድ ትማራለህ።»

ተማረ፤ በሰኮናው፣ ቀስ እያለ። የመጀመሪያ መስመሩ «መሻገሪያው ባዶ መሆኑን ሳታይ በሮቹን አትክፈት» የሚል ነበር። ኮዱ አንድም ቀን አልረሳም። ሚዳቋ ግን በአጠገቡ ስታልፍ ሰላም አትለውም። እሱም አይጠብቅም።

ከዚህ የምንማረው እንጀራችንን ያስከብርልናል ብለን የደበቅነው እውቀት የሌላውን እግር ሊሰብር እንደሚችል፣ አዲስ አሠራር የሚያመጣም ከነባሩ ሠራተኛ እውቀቱን ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱንም መጠየቅ እንዳለበት ነው።