የዝሆን ደረቅ ድንኳን

ተረት ተረት፣ ሰሚ አይጥፋበት።

በሐይቅ ዳር ለሚኖሩ እንስሳት ሹማቸው ዝሆን ነበር። ኮረብታው ላይ ሰፊ ዋሻ አለ፤ ዝሆን የለቅሶ ድንኳናቸውን እዚያ ያስቀምጣል።

አንድ ቀን ዳክዬ ከማዶ እየበረረ መጣና «ኧረ ጎበዝ፣ ዛፍ የሚነቅል አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው!» አለ። ጅግራ ጫጩቶቿን ይዛ ወደ ዝሆን ሮጠች።

«ጌታዬ፣ ዋሻውን ይክፈቱልን። ልጆቼ ገና አይበሩም።»

«ገብታችሁ ድንኳኑን ብትቀድዱት፣ ሐዘን ሲደርስባችሁ የት ልትቀመጡ ነው?»

«ባንሞት አይሻልም?»

«አንቺ ደግሞ ስትፈሪ! ሂጂ፣ እኛ አስበንበታል።»

ነፋሱ መጣ። ሐይቁ ገንፍሎ ሜዳውን ዋጠው። ጅግራ ክንፏን ዘርግታ ብትሸፍናቸውም ውሃው ጫጩቶቿን ከሥሯ ጠርጎ ወሰዳቸው።

በማግስቱ ዝሆን ድንኳኑን ተሸክሞ መጥቶ ተከለው።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ግቢ፣ ይኸው ምንም አልጎደለብሽም።»

ጅግራ ድንኳኑን በምንቃሯ ነካችው። ጠብታ ውሃ አልነካውም።

«ድንኳንህ ሳይረጥብ አድሯል» አለችው። «አንተው ግባበት!»

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ለቀስተኛው ሁሉ ከጅግራ ጋር ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ዝሆን ድንኳኑ ውስጥ ብቻውን ቀረ።

ተረቴን መልሱ፣ ልጆቻችሁን አልብሱ።