የማሽላና የባቄላ ጎተራ ቁልፎች

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ወዲህ ጠጋ ይበል።

የአንድ ሰፈር እንስሳት ሁለት ጎተራ ነበራቸው፤ አንዱ የማሽላ፣ ሌላው የባቄላ። ለየጎተራው ያለው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። ሕጋቸውም «ቁልፍ የያዘን ማንም አይቀማ፤ የያዘውም ሥራውን ሳይጨርስ አይመልስ» ይላል።

አንድ ቀን ጦጣና ጃርት ለየቤታቸው ማሽላና ባቄላ የተቀላቀለበት ንፍሮ ሊቀቅሉ አሰቡ። ችኩሏ ጦጣ የማሽላውን ቁልፍ አንሥታ የባቄላውንም ልትጨምር ወደ ባቄላው ጎተራ ሮጠች። ግትሩ ጃርት ደግሞ የባቄላውን ቁልፍ ይዞ ወደ ማሽላው ሲሄድ መንገድ ላይ ተገናኙ።

«ቁልፉን ስጠኝና ሥራዬን ልጨርስ» አለች ጦጣ።

«እኔስ ሳልጨርስ እንዴት እሰጥሻለሁ? ይልቅ ያንቺን ስጪኝ» አለ ጃርት።

እዚያው ተፋጠው ተቀመጡ። የራባቸው እንስሳት ከኋላቸው ተሰለፉ። በመጨረሻ ዳኛዋ ኤሊ ተጠራች።

«ጦጣ ሕግ አፍርሳለች?»

«ኧረ አላፈረሰችም!»

«ጃርትስ?»

«እሱም አላፈረሰም።»

ኤሊ ግራ ገብቷት አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ ከተተች፤ መልሳ አወጣች። «ታዲያ ማንን ልቅጣ? ማንም ሳያጠፋ ሁላችንም እንዴት ጦማችንን እናድራለን? እኔ እንጃ!»

እንዲህ ሲጠባበቁ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ነቀዝ ሆዷን እየጎተተች ከማሽላው ጎተራ ግርጌ ብቅ አለች። ሰልፉን ስታይ ገረማት።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ቁልፍ!» አሏት በአንድ ድምፅ።

«ቁልፍ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችና አፏን ጠራርጋ ወደ ባቄላው አዘገመች።