ቁጥሩን ሳያዩ መለካት

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ ርቀት መለካት ነው። የመሬት እንዳይመስላችሁ! የሰማይን ርቀት ነው የምትለካው።

እንዴት ተብሎ? ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ከዋክብት ተሰብስበው ጋላክሲ ይሆናሉ። ጋላክሲዎቹ ደግሞ ዝም ብለው አልተበተኑም። ብዙ ሺዎቹን ስትቆጥሯቸው፣ በመካከላቸው አንድ የታወቀ ርቀት ከሌላው በርከት ብሎ ይገኛል። የዚያ ርቀት እውነተኛ ልኩ ይታወቃል። በመንገድ ዳር የቆሙትን የመብራት ምሰሶዎች አስቡ፤ እኩል ተራርቀው ቆመው ሳለ፣ ከሩቅ ስታዩዋቸው የተጠጋጉ ይመስላሉ። ምን ያህል ተጠጋግተው እንደታዩ ካወቃችሁ፣ ምን ያህል እንደራቁ ታውቃላችሁ። የእሷም ሥራ ይኸው ነው።

ሙያውን ያስተማሯት ጋሽ ወልደሰንበት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ይህንኑ ርቀት በሌላ መንገድ ለክተው፣ "ይህን ያህል ነው" ብለው ነበር። ማንም አልተቀበላቸውም። እንዲያውም ተሳቀባቸው። አሁን ታመው አልጋ ላይ ውለዋል፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠዋል። ይህች ሴት፣ ስሟ ትርሲት ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ትመኛለች። ሳይሞቱ "ጋሼ፣ ልክ ነበሩ" ልትላቸው።

እነዚህ ሰማይ የሚለኩ ሰዎች ታዲያ አንድ ደንብ አላቸው። የሚለካው ሰው የወጣውን ቁጥር አያየውም። አንድ ባልደረባ የምስጢር ቁጥር ደምሮበት ይሰውረዋል፤ ሥራው ሁሉ ተመርምሮ "ከእንግዲህ አንነካውም" ሲባል ብቻ ይገለጣል። ለምን? ሰው የሚወደውን መልስ ሲያይ ስሕተት መፈለግ ያቆማላ!

ሊገለጥ ሦስት ቀን ሲቀረው ትርሲት ስሕተት አገኘች። የራሷን። በአንደኛው የሰማይ ክፍል አቧራ የጋረዳቸውን ጋላክሲዎች በስሌቷ ሳታስገባቸው ቀርታለች። ማንም አላየባትም። ማረሙ ሁለት ወር ይፈጃል።

ቁጥሩን የሰወረው ባልደረባዋ አምደብርሃን አዘነላት። "ስሚኝ፣ ሹክ ልበልሽ" አላት። "ቁጥሩ የጋሼን የሚመስል ከሆነ እንተወው፤ ካልመሰለ እናርመዋለን። ስሕተቷ እንደሁ ትንሽ ናት።"

እናንተ ብትሆኑስ? እውነቱን ንገሩኝ! የሚሞት ሰው ደስ እንዲለው ነው እኮ!

ትርሲት "ቆይ" ብላው ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደች። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

"አየሽው እንዴ?" አሏት።

"አላየሁም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው አርሚው።"

"እርስዎስ? ሁለት ወር እኮ ነው!"

"ልጄ፣ እኔን ለማስደሰት የተለካ ርቀት ምን ይረባኛል?"

አረመችው። ሁለት ወር ከአሥር ቀን ፈጀባት። በእግዚአብሔር ቸርነት ሽማግሌው ቆዩ። ቁጥሩ ተገለጠ። የእሳቸው አልነበረም! ወገኖቼ፣ ቅርቡም አልነበረም።

ሄዳ ነገረቻቸው፤ እያለቀሰች። "በቃ፣ ተሳስቼ ነበር" አሉ። "ይቅር ይበሉኝ" ስትላቸው፣ "ምን አጠፋሽ? ያስተማርኩሽን ነው የሠራሽው" አሏት። በሳምንቱ ዐረፉ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ሁለት ሰዎች ተጣልተው ለሽምግልና ስንቀመጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? "ምን ተደረገ?" ነው? አይደለም! "የማን ልጅ ነው? የማን ወገን ናት?" ነው። መልሱን ካየን በኋላ ነው መለካት የምንጀምረው። ለወገናችን ስንለካ ስሕተቷ ትንሽ ናት፤ ለባዳ ስንለካ ግን ሁለት ወርም ቢፈጅ እንመረምራለን።

የእኔን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር አንዲት እህት ባሏ እንደሚመታት ልትነግረኝ መጣች። ባልየው ወዳጄ ነው። ስሙን ስሰማ ጆሮዬ ተዘጋ። "ቻል አድርጊው፣ እሱ ደግ ሰው ነው" ብዬ ሸኘኋት። ፊቷ ላይ ሰንበር እያየሁ! ያኔ አፈርኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ አላፈርኩም። ያፈርኩት ይህን ታሪክ የሰማሁ ቀን ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ዛሬ ከዚህ መድረክ እንደወረድኩ፣ አሁን ወደተጠጋችበት ወላጆቿ ቤት ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ወዳጄንም ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።

እናንተስ? ስሙን ብቻ ሰምታችሁ የፈረዳችሁበት የለም? የማን እንደሆነች ጠይቃችሁ ብቻ የመለሳችኋት የለችም? ካለች፣ ነገ አትበሉ። ዛሬውኑ ሂዱና "እስቲ እንደገና ንገሪኝ፣ አሁን እሰማሻለሁ" በሏት።